ባለሙያው ሩቅ፣ ልጁ ቤት

በ1943 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓለም በጦርነት ስትታመስ፣ ከሎስ አንጀለስ ከተማ አንድ ለየት ያለ ፖስታ መላክ ተጀመረ። ፖስታው የያዘው ለወላጆች የተዘጋጀ ትምህርት ነው። ተማሪዎቹ መስማት የተሳናቸው ትንንሽ ልጆች እናቶችና አባቶች ናቸው። ክፍያ አይጠየቁም፤ ከቤታቸውም አይወጡም። እናት ትምህርቱን ታነባለች፤ ከልጇ ጋር ትሞክረዋለች፤ የተሳካውንም ያልተሳካውንም ጽፋ ትልካለች። ሎስ አንጀለስ ያለው ባለሙያም ደብዳቤዋን አንብቦ፣ ለዚያ ልጅና ለዚያ ቤት የሚሆን መልስ ይጽፍላታል።

ዛሬ የልጃቸው እድገት የዘገየባቸው ወይም ባህሪው ያስቸገራቸው ወላጆች በቪዲዮ ጥሪ፣ በስልክና በመተግበሪያ ምክር ሲያገኙ ነገሩ ኮሮና ያመጣው፣ ኢንተርኔት የወለደው ይመስላል። አይደለም። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው ታሪክ ነው። በየዘመኑ የሚያስጀምረውም ያው ችግር ነው፤ ባለሙያው ጥቂት ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የልጅ እድሜ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

የፖስታው ትምህርት ጀማሪ ሉዊዝ ትሬድዌል ትሬሲ ትባላለች። የመድረክ ተዋናይ ነበረች። ባሏ በ1938 እና በ1939 በተከታታይ ኦስካር የተሸለመው ስፔንሰር ትሬሲ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ጆን በ1924 ተወለደ። አሥር ወር ገደማ ሲሆነው፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ላይ እንዳለ በሩ በኃይል ተላተመ። ሕፃኑ አልደነገጠም፤ አልነቃም። ሉዊዝ ጠጋ ብላ ስሙን ጠራች። ምንም የለም። ልጇ እንደማይሰማ የገባት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ ላላት እናት የሚሰጣት ምክር አጭር ነበር፤ ለትምህርት እስኪደርስ ጠብቂ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሆን አገልግሎት ከጥቂት ከተሞች በቀር አይገኝም። እርግጥ ነው፣ በኒው ዮርክ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የነበረው ጆን ዳተን ራይት ገና በ1915 ለእናቶች የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መጽሐፍ ግን ጥያቄ ቢጠይቁት አይመልስም። ሉዊዝ መድረኩን ትታ ልጇን ራሷ ማስተማር ያዘች። ጆን አድጎ መናገርም፣ ከንፈር አይቶ መረዳትም ቻለ፤ ኋላም በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ ሠርቷል።

በ1942 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ በልጇ ስም የጆን ትሬሲ ክሊኒክን ከፈተች። ከመጀመሪያዎቹ የቦርድ አባላት አንዱ ዋልት ዲዝኒ ነበር። የሆሊውድ ዝና ገንዘብና ወሬ ለመሳብ እንደረዳት አያጠራጥርም። ሆኖም ከክሊኒኩ ሥራ ሁሉ ርቆ የተጓዘው በፖስታ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ክሊኒኩ ከተከፈተ በዓመቱ ተጀምሮ፣ ቆይቶ በብዙ ቋንቋዎች እየተተረጎመ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ አገሮች ደረሰ። መስማትም ማየትም ለተሳናቸው ልጆች ወላጆች ራሱን የቻለ ትምህርት ተዘጋጀ።

እዚህ ላይ አንድ ነቀፌታ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። የሉዊዝ ትምህርት በንግግርና በከንፈር ንባብ ላይ ብቻ የቆመ ነበር፤ የምልክት ቋንቋን አላስገባም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበረሰብ ይህን ዘዴ አጥብቆ ተችቶታል፤ ትችቱም ልክ ነው። ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ዓመታቸውን ያለ ሙሉ ቋንቋ አሳልፈዋል። ስለዚህ የሉዊዝ ውርስ የትምህርቱ ይዘት ሳይሆን የትምህርቱ መንገድ ነው። ወላጅ በሩቁ ሊሠለጥን እንደሚችል፣ የሚሠለጥነውም ሲነገረው ብቻ ሳይሆን ሲጠይቅና ሲመለስለት እንደሆነ ያሳየች እሷ ናት።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ግን ጊዜው ገና አልደረሰም ነበር። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ የዳውን ሲንድረም ልጅ ለወለደች እናት ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚላት፣ ልጁን ለተቋም ሰጥተሽ ሌላ ውለጂ ነበር። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በ1968 የአሜሪካ ምክር ቤት ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት የቅድመ መደበኛ ትምህርት ሙከራዎች ገንዘብ የሚመድብ ሕግ አወጣ። ከዚያ ገንዘብ የተወሰነው በዊስኮንሲን ግዛት ወደምትገኝ ፖርቴጅ የምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ።

ፖርቴጅ የወተት ከብት አርቢዎች አገር ናት። በ1969 ሥራ ሲጀመር ፕሮጀክቱ እንዲሸፍን የተሰጠው አካባቢ 3,600 ስኩዌር ማይል፣ 23 የትምህርት ወረዳዎች ያሉበት ነው። በዚህ ስፋት የተበተኑት ልጆች 75 ናቸው። ሁሉን በአንድ ማዕከል ለመሰብሰብ መኪናውም፣ ክረምቱም፣ የሕፃናቱ እድሜም አይፈቅድም። ዴቪድ ሺረርና ማርሻ ሺረር የሚገኙበት ቡድን ነገሩን ገለበጠው። ልጁ ወደ መምህሩ ከሚሄድ መምህሩ ወደ ልጁ ይሂድ፤ መምህሩ ደግሞ በሳምንት አንዴ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሚገኝ፣ እውነተኛዋ መምህር እናትየው ትሁን አሉ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጎብኚዋ መምህር ወደ ቤት ስትመጣ ሣጥን ሙሉ ካርድ ይዛ ነው። በ1976 በታረመው የፖርቴጅ መመሪያ ውስጥ ካርዶቹ 580 ናቸው፤ እያንዳንዱ ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ያለ ልጅ የሚለምደውን አንድ ችሎታ ይይዛል። ካልሲ ማውለቅ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ማለት፣ ኩብ በኩብ ላይ መደርደር። መምህሯና እናትየው ልጁ ሊደርስበት ጥቂት የቀረውን ይመርጣሉ። «ራሱን ችሎ ይልበስ» አይባልም፤ ያ ሩቅ ነው። «እናቱ ካልሲውን እስከ ተረከዙ አውርዳለት፣ የቀረውን እሱ ጎትቶ ያውልቅ» ይባላል። መምህሯ በመጀመሪያ ልጁ ያለ ሥልጠና ስንት ጊዜ እንደሚሳካለት ትቆጥራለች። ቀጥላ ራሷ ሠርታ ታሳያለች። ከዚያ እናትየው ትሠራለች፤ መምህሯ ታያለች፣ ታርማለች። ስትሄድ አንድ ወረቀት ትታ ትሄዳለች፤ ምን እንደሚደረግ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደረግ፣ ልጁ ሲሳካለት እንዴት እንደሚመሰገን ተጽፎበታል። እናትየው በየቀኑ ምልክት ታደርግበታለች። በሳምንቱ መምህሯ ተመልሳ ወረቀቱን ታያለች፣ ልጁን እንደገና ትቆጥራለች። ካልሆነ ጥፋቱ የልጁም የእናቱም አይደለም፤ እርምጃው ረዝሞ ነበርና እንዲያጥር ይደረጋል።

ሺረሮች በ1972 ባሳተሙት ዘገባ በስምንት ወር ውስጥ ልጆቹ በአማካይ የ13 ወር እድገት አሳይተዋል። የዘመኑ ጥናት እንደ ዛሬው ጥብቅ ባይሆንም ወሬው ተዛመተ። በ1976 ዘዴው እንግሊዝ ገባ፤ እዚያ ሥር ሰዶ በ1983 አገር አቀፍ ማኅበር ተቋቋመለት። ወደ ጃፓን ሄደ፤ ጋዛም ደረሰ። ለድሃ አገር ትልቁን ትምህርት የሰጠችው ግን ጃማይካ ናት። በ1975 ዶክተር ማሪጎልድ ቶርበርን በኪንግስተን የፖርቴጅን ካርድ ይዛ ሥራ ስትጀምር መምህራን አልቀጠረችም። የሰፈር ሴቶችን ወስዳ አጭር ሥልጠና ሰጥታ ቤት ለቤት አሰማራቻቸው። ዲግሪ የሌላት ጎረቤት፣ ካርዱ በእጇ ካለና የሚከታተላት ባለሙያ ካላት፣ ሥራውን ትሠራዋለች።

ፖርቴጅ ልጁ አዲስ ነገር እንዲለምድ ይረዳል። ችሎታ አንድ ነገር፣ ባህሪ ሌላ ነገር ነው። የሚፈልገውን በቃል መናገር ያልቻለ የሦስት ዓመት ልጅ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ይናከሳል፣ ሳህን ይወረውራል። በ2002 የወጣ አንድ የካሊፎርኒያና የፔንሲልቬኒያ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ እድገታቸው የዘገየ የሦስት ዓመት ልጆች ከእኩዮቻቸው ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ለከባድ የባህሪ ችግር የተጋለጡ ናቸው። ወላጅን የሚያዳክመውም ከመዘግየቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መዘግየቱን ጎረቤት ያዝንለታል፤ ጩኸቱን ግን «አላሳደገችውም» ይልበታል።

ለዚህኛው መፍትሔ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

ፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ በሕክምና ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኮንስታንስ ሃንፍ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ አካል ጉዳትና የእድገት ችግር ካለባቸው ልጆች እናቶች ጋር ትሠራ ነበር። እናቶቹን ቁጭ አድርጎ መምከር ብዙም እንደማይጠቅም ቀድማ ተረድታለች። ክፍሉ ውስጥ እናትና ልጅ ይጫወታሉ። ሃንፍ በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳይ መስታወት ጀርባ ትቆማለች። እናትየው ጆሮ ውስጥ ትንሽ መስሚያ አለ። ልጁ ኩቡን ሲያስቀምጥ «አመስግኚው»፣ ሲወረውረው ደግሞ «ዝም በይው፣ ወደ ሌላው ዞር በይ» የሚል ድምፅ ይደርሳታል። ምክሩ ስለ ትናንቱ ጠብ አይደለም፤ ስለዚህች ሰከንድ ነው።

ሃንፍ ሥልጠናውን ለሁለት ከፈለችው። መጀመሪያ እናትየው የልጁን ጨዋታ መከተል ትማራለች፤ ቀጥላ ግልጽ ትእዛዝ መስጠትና ትእዛዙን ማስፈጸም። በ1969 በአንድ ጉባኤ ላይ ያቀረበችው ጽሑፍ ይህን ይዘረዝራል። ከዚያ ወዲያ ያሳተመችው ኢምንት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በሙያው ዓለም ቶሎ ይረሳል፤ ሃንፍን ያዳኗት ተከታዮቿ ናቸው። ሬክስ ፎርሃንድ ሐሳቡን ወደ ጆርጂያ ወሰደው። ሺላ አይበርግ ደግሞ በ1970ዎቹ እዚያው ኦሪገን ጀምራ፣ ኋላም በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ዛሬ «የወላጅና የልጅ መስተጋብር ሕክምና» የሚባለውን አቆመች።

አይበርግ ነገሩን በቁጥር አሠረችው። እናትየው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ ሁለተኛው የምታልፈው በአምስት ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ አሥር ጊዜ ልጁን ምን እንዳደረገ ጠቅሳ ስታመሰግነው («ኩቡን ቀስ ብለህ ስላስቀመጥክ ጎበዝ!»)፣ አሥር ጊዜ የሚሠራውን በቃል ስትገልጽ፣ አሥር ጊዜ ደግሞ እሱ ያለውን መልሳ ስትል ነው። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ጥያቄ፣ ትእዛዝና ነቀፌታ ተደምረው ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። ቀላል የሚመስለው ሰው ሰዓት ይዞ ይሞክረው። ልጅን ሳይጠይቁና ሳያዙ አምስት ደቂቃ ማሳለፍ አብዛኛው ወላጅ አድርጎት የማያውቀው ነገር ነው፤ በኛ አገር ደግሞ «ተው!» ከአፍ ሳይወጣ አምስት ደቂቃ አይሞላም።

የሚገርመው፣ ሃንፍ የጀመረችው የእድገት ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር ሆኖ ሳለ፣ ዘዴው በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት የተፈተሸው በብዛት እድገታቸው ደህና በሆነ፣ ግን አስቸጋሪ በሆኑ ልጆች ላይ ነው። ወደ መነሻው የተመለሰው በ2007፣ ዳንኤል ባግነርና አይበርግ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው 30 ልጆችን ከእናቶቻቸው ጋር በሙከራ ሲያጠኑ ነው። ሠራ።

እስከዚህ ድረስ ግን መስታወቱ ያለው ክሊኒክ ውስጥ ነው። ገጠር ያለውስ?

አውስትራሊያ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። በ1951 ከአሊስ ስፕሪንግስ ተነስቶ በመገናኛ ሬዲዮ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የተከፈተባት፣ በበረሃ እርሻዎች ያሉ እናቶች ከሬዲዮው አጠገብ ተቀምጠው ልጆቻቸውን የሚያስጠኑባት አገር ናት። በ1990ዎቹ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲው ማት ሳንደርስና ባልደረቦቹ በራቁ አካባቢዎች ለሚኖሩ አስቸጋሪ ልጆች ወላጆች የሥራ መጽሐፍ በፖስታ ልከው በየሳምንቱ ስልክ ይደውሉላቸው ነበር። በ1997 ያሳተሙት ውጤት የልጆቹ ባህሪ መሻሻሉን ያሳያል። በሲያትል ደግሞ ካሮሊን ዌብስተር ስትራተን የወላጅና የልጅ ትዕይንቶችን በቪዲዮ ካሴት ቀርፃ፣ አንዳንዶቹ ወላጆች ብቻቸውን፣ ሌሎቹ ደግሞ በቡድን ተሰብስበው እየተወያዩ እንዲያዩት አደረገች።

የዌብስተር ስትራተን ውጤት ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ነው። ብቻቸውን ካሴት ያዩትም እናቶች ተለወጡ፤ ልጆቻቸውም ተሻሻሉ። በዓመቱም በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን ለውጡ ጸንቶ የቆየው ካሴቱን ከቡድን ውይይት ጋር ባገኙት ላይ ነው። ሉዊዝ ትሬሲ በደብዳቤ መልስ ያደረገችውን ሌላው በስልክ፣ ሌላው በቡድን አደረገው። መልስ የሚሰጥ ሰው ሲጠፋ ትምህርቱ ቀስ በቀስ ይተናል።

ካናዳ ይህን ወስዳ ወደ መደበኛ አገልግሎት አሳደገችው። በሃሊፋክስ፣ በእናቶችና ሕፃናት ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ፓትሪክ ማክግራዝ መጻሕፍትን በፖስታ እየላከ ወላጆችን በስልክ የሚያሠለጥን ሥርዓት ዘረጋ። የሚደውሉት ዶክተሮች አይደሉም፤ በጽሑፍ የተዘጋጀ መመሪያ የሚከተሉ ሠልጣኝ አማካሪዎች ናቸው። ወላጁ ፊታቸውን ሳያይ ያነጋግራቸዋል። ለአንዳንዱ ይህ ጉድለት ይመስለው ይሆናል፤ ከክሊኒክ ደጅ ላይ መታየት ለሚያሳፍረው ወላጅ ግን እፎይታ ነው።

ፊንላንድ ከማክግራዝ ጋር ተባብራ አንድ እርምጃ ጨመረች። በዚያ አገር አራት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ለምርመራ ወደ ሰፈሩ የሕፃናት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የቱርኩ ዩኒቨርሲቲው አንድሬ ሶራንደርና ቡድኑ እዚያ ለመጡ ወላጆች መጠይቅ ሰጡ። ባህሪያቸው በጣም ካስቸገረ ልጆች መካከል 464 ወደ ሙከራው ገቡ። ግማሾቹ ወላጆች ለ11 ሳምንት በኢንተርኔት ትምህርት፣ በየሳምንቱም የስልክ አሠልጣኝ አገኙ። በ2016 የታተመው ውጤት ከዓመት በኋላ የልጆቹ ባህሪ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በግልጽ እንደተሻሻለ ያሳያል። ልብ ሊባል የሚገባው ወላጆቹ እርዳታ ፍለጋ አለመሄዳቸው ነው። እርዳታው ራሱ ፈልጎ አገኛቸው።

ከዚያ ካሜራው መጣ። ጆናታን ኮመር፣ ቀድሞ በቦስተን ኋላም በማያሚ በሚገኘው የፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ፣ የሃንፍን መስታወት በኮምፒውተር ካሜራ ተካው። እናትየው ሳሎኗ ውስጥ ከልጇ ጋር ትጫወታለች፤ ጆሮዋ ውስጥ ሽቦ አልባ መስሚያ አለ፤ ባለሙያው ከቢሮው ሆኖ ያያል፣ ይናገራል። በ2017 በታተመው የ40 ልጆች ሙከራ በኢንተርኔት የተሰጠው ሕክምና በክሊኒክ ከተሰጠው አላነሰም። ምክንያቱ ብዙም አይርቅም። ልጁ የሚያስቸግረው የተመራማሪ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ቤቱ፣ ከቴሌቪዥኑና ከታናሽ እህቱ ፊት ነው።

ባግነርም እዚያው ማያሚ ነበር። በአሜሪካ በ1986 የወጣው ሕግ ግዛቶች ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉ፣ እድገታቸው የዘገየ ሕፃናትን የሚረዳ አገልግሎት እንዲያቋቁሙ መንገድ ከፍቷል። ሦስተኛው የልደት ቀን ሲደርስ ግን ያ አገልግሎት ያበቃል፤ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሥርዓት ይተላለፋል። ወላጆች «ገደል» የሚሉት ይህን ጊዜ ነው፤ የባህሪ ችግር የሚብሰውም በዚሁ እድሜ ነው። ባግነርና ባልደረቦቹ ከዚህ አገልግሎት ሊወጡ የተቃረቡ 150 ልጆችን ወስደው፣ ለግማሾቹ ወላጆች በየሳምንቱ ለ20 ሳምንት በቪዲዮና በጆሮ መስሚያ ሥልጠና ሰጡ። ሌሎቹ ወደተለመደው አገልግሎት ተላኩ። በ2023 ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት የወጣው ውጤት፣ የሠለጠኑት ወላጆች ልጆች የባህሪ ችግር መቀነሱንና ልዩነቱ ከዓመት በኋላም እንዳልጠፋ ይናገራል። ሃንፍ በ1969 ያሰበችው፣ ላሰበችላቸው ልጆች፣ ግን በገዛ ቤታቸው ደረሰ።

ከሎስ አንጀለስ ፖስታ እስከ ማያሚ ካሜራ ያለው መንገድ ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል።

በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ካለበት ልጃቸው ተነስተው በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን፣ በሥሩም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲያቋቁሙ በአገሪቱ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም የመሠረቱት ወላጆች ናቸው። እንደ ሉዊዝ ትሬሲ ሁሉ እዚህም መጀመሪያ የተነሱት እናቶች መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስልም። ሆኖም አገልግሎቱ ከሞላ ጎደል በዋና ከተማው ተወስኖ ቀረ። በ2016 የታተመ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በመዲናዋ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ወላጆችና አሳዳጊዎችን አነጋግሮ ነበር። ብዙዎቹ ለልጁ ችግር የሕክምናውንም የመንፈሱንም ምክንያት አብረው ይጠቅሳሉ፤ ጠበልም ሐኪም ቤትም ይሄዳሉ፤ ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለውም ያስጨንቃቸዋል። ከሁሉ በላይ የጎደለን ያሉት የልጁ ትምህርት ነው። ይህም ክሊኒክ የደረሰው ወላጅ ነው። ከክሊኒክ የራቀው አልተቆጠረም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ አገሮች ብሎ የአሳዳጊዎች ክህሎት ሥልጠና አዘጋጅቷል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ የሚመሩት ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ ሠልጣኝ ሰዎች ናቸው። ለልዩ መጫወቻ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልብስ ማጠብ፣ እራት ማቅረብ፣ ጫማ ማድረግ፣ እነዚህን ራሳቸውን የመማሪያ ሰዓት ያደርጋቸዋል። ማርሻ ሺረር ብታየው ካርዶቿን ታውቃቸው ነበር። ኢትዮጵያ ሥልጠናውን ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። ለአገሩ እንዲስማማ ተደርጎ በሙከራ ተሰጠ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ዘገባ በ2020 ታተመ። ቀጥሎም ኢትዮጵያና ኬንያ በአንድ ትልቅ ጥናት ተጣመሩ። ድርጅቱ በ2022 መመሪያዎቹን ለሕዝብ ይፋ ሲያደርግ በኢንተርኔት የሚሰጥ ቅጂም አብሮ ወጣ።

የኢንተርኔቱ ቅጂ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን ዳታ በካርድ ለምትሞላ፣ መብራት ለሚጠፋባት፣ ስልኳን ከባሏ ጋር ለምትጋራ እናት ቪዲዮ ሲጎተት መዋሉ አይጠቅማትም። ይልቅ ስልክ መደወል ርካሽ ነው፤ የቤት ስልክ በሌለበት አገር እንኳ ሞባይል ገጠር ገብቷል። የሚደውለው ማን ነው ለሚለውም መልሱ ሩቅ አይደለም። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን፣ አብዛኞቹን ሴቶች፣ በየቀበሌው አስቀምጧል። ስለ ልጆች እድገት ውስንነት የሚያስረዱ የቪዲዮ ትምህርቶች ለእነሱ ተዘጋጅተው ነበር። በውጭ ያለው አማርኛ ተናጋሪም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደለም፤ የአሜሪካ ሕግ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ግምገማ በሚቻልበት ሁሉ በቤተሰቡ ቋንቋ እንዲደረግ ያዛል። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ የሚኖር ወላጅ አስተርጓሚ ልጠይቅ ወይ ብሎ ማመንታት የለበትም፤ መብቱ ነው።

ይህን ሁሉ ታሪክ ያየ ሰው፣ ነገ በአገራችን ለእንዲህ ያሉ ወላጆች መተግበሪያ ልሥራ የሚል መሥሪያ ቤት ወይም በጎ አድራጊ ሲመጣ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው አንድ ነገር አለ። ወላጇ ስትጠይቅ የሚመልስላት፣ በሳምንቱም መልሶ የሚደውልላት ሰው በበጀቱ ውስጥ አለ? ከሌለ ገንዘቡ ለሶፍትዌር ከሚወጣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የአየር ሰዓትና ለሚከታተላት ባለሙያ ደመወዝ ቢውል የተሻለ ነው።